ጣልያንኛን ከባንኮኒው ጀምሩት

«ጣልያንኛ ለመልመድ ከየት ልጀምር?» ይህን ሳልጠየቅ የማልፈው ሳምንት የለም። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ገና ወደ ጣልያኗ ከተማ ቦሎኛ የመጡ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ወፍራም መጽሐፍ ገዝተው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመዋል። ሌሎቹ ስልካቸው ላይ በጫኑት መተግበሪያ «ዝሆኑ ወተት ይጠጣል» ማለት ችለዋል፤ ዳቦ ቤት ገብቶ ሁለት ዳቦ መግዛት ግን ያስፈራቸዋል። ለእያንዳንዱ ከማወራ ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

ዘዴው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሰዋስው አለው። ቡና ቤት በትህትና መጠየቅን ያስለምዳል። ገበያ ቁጥርን፣ ወጥ ቤት ግሥን፣ ማዕድ ትንንሾቹን ቃላት፣ በዓል ደግሞ ያለፈውን ጊዜ። አንዱ ቦታ ላይ ሳትንተባተቡ መናገር እስክትችሉ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። ጣልያንኛውን በእኛው ፊደል ነው የጻፍኩት። ጠብቆ የሚነበበውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። «ኖንኖ» ካልኩ «ን» ይጠብቃል ማለት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ኪስ የሚገባ ደብተር። ቃሉን በላቲን ፊደል ጻፉበት፤ ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ።
- በየቀኑ አንድ ቡና የሚገዛ ሳንቲም።
- ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ።
- አንድ እሽግ ፓስታ፣ አንድ ጣሳ የተላጠ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው።
- የቶምቦላ ካርዶች፤ ጨዋታውን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ። በገና ሰሞን በየሱፐርማርኬቱ በርካሽ ይሸጣሉ።
- ጊዜ ያላት አንዲት ጎረቤት። ከተቻለ አሮጊት ብትሆን ይመረጣል፤ ቀስ ብላ ታወራለች፣ ስትሳሳቱም ሳትሳቀቅ ታርማለች።

1. ያላችሁን ቃል ቁጠሩ

ከዜሮ አትጀምሩም። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቢራ፣ ፋብሪካ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ሰላጣ፣ ፌርማታ፣ ኮሞዲኖ፣ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ላቫጆ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥ የሠራ ሰው ደግሞ የእኔን እጥፍ ያውቃል። ሃምሳ ያህል ሰብስባችሁ ደብተራችሁ መጀመሪያ ላይ ጻፏቸው። ይህ የሚጠቅመው ጆሯችሁ የለመደውን ድምፅ በሰዎች ንግግር መሀል ቶሎ ስለሚይዝ ነው። አውቶቡስ ውስጥ «ፌርማታ» ሲባል ሰምታችሁ ደንገጥ ካላችሁ ሥራው ተጀምሯል።

ጥንቃቄ፦ አንዳንዶቹ አገር ሲቀይሩ ትርጉማቸውንም ቀይረዋል። በብዛት የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው።

- ቻው። እኛ ስንለያይ ብቻ ነው የምንለው። እነሱ ሲገናኙም ይሉታል፤ ግን ለሚቀርቡት ሰው ብቻ። ለሐኪም፣ ለፖሊስ፣ ለማታውቋቸው ትልቅ ሰው «ቡኦንጆርኖ» ብላችሁ ግቡ፣ «አርሪቬዴርቺ» ብላችሁ ውጡ።
- ማኪያቶ። እዚህ «ካፍፌ ማክክያቶ» ማለት ጠብታ ወተት የነካው ኤስፕሬሶ ነው። የመጀመሪያ ቀን አዝዤ ሲመጣልኝ ለቅምሻ የሰጡኝ መስሎኝ ዋናውን ስጠብቅ ቆየሁ። የአዲስ አበባውን ማኪያቶ የሚመስል ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ እዘዙ።
- ጋዜጣ። በየቀኑ የሚነበበው «ጆርናሌ» ይባላል።
- ቦርሳ። የእጅ ቦርሳ ነው። የገንዘብ ቦርሳ «ፖርታፎልዮ» ይባላል። ቢሰረቅባችሁ ፖሊስ ጣቢያ ልዩነቱ ይጠቅማችኋል።
- ፉርኖ። እኛ ዱቄቱን ፉርኖ እንላለን። እነሱ «ፎርኖ» ሲሉ ምድጃውን ወይም ዳቦ ቤቱን ነው።

2. ማጥበቅን በጆሮ፣ ከዚያ በእጅ

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከብዙዎቹ ይቀድማል። «አለ» ስንል ማላላትና ማጥበቁ «ተናገረ»ን ከ«ይገኛል» ይለያል። ጣልያንኛም እንደዚሁ ነው። «ካዛ» ቤት ነው፣ «ካስሳ» ገንዘብ የሚከፈልበት ቦታ። «ሴቴ» ጥማት፣ «ሴትቴ» ሰባት። «ካፔልሎ» የራስ ፀጉር፣ «ካፕፔልሎ» ባርኔጣ።

ችግሩ ፊደላችን ማጥበቅን አለማሳየቱ ነው። ቃሉን በእኛ ፊደል ብቻ ከጻፋችሁት ከሳምንት በኋላ የትኛው እንደሚጠብቅ ይጠፋችኋል። በላቲን ግን ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ዓይናችሁም ይይዘዋል። ስለዚህ ነው ደብተሩን በላቲን ያልኩት።

ዕድሜያችሁን ስትናገሩ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። «ኦ ትሬንታንኒ» ማለት ሠላሳ ዓመቴ ነው ማለት ነው። «ን»ን ካላላችሁት ዓመቱ ቀርቶ ሰው ፊት የማይጠራ የአካል ክፍል ይሆናል። ፓስታ ቤት «ፔንኔ» ስታዝዙም ያው ነው። ተሳስቼ ሳይሆን ሲሳቁ አይቼ ነው፤ እሺ፣ አንዴ ተሳስቻለሁ።

ሌላው የእኛ ችግር በ«ስ» የሚጀምር ቃል ላይ «እ» መጨመር ነው። «እስኩዚ» ሳይሆን «ስኩዚ»፤ «እስፓጌቲ» ሳይሆን «ስፓጌትቲ»። በተረፈ ድምፁ አያስቸግራችሁም። ሌላው የውጭ ሰው የሚታገልባት «ኝ» ከእኛ ጋር የተወለደች ናት፤ «ኞክኪ»ን አንዴ ሰምታችሁ ትሉታላችሁ።

3. ለሁለት ሳምንት አንድ ቡና ቤት

በየቀኑ ወደዚያው ቡና ቤት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሂዱ። አትቀያይሩ። ቡና ቀጂው ከለመዳችሁ ነገ አንድ ቃል ይጨምርላችኋል፤ ከነገ ወዲያ ስለ ዝናቡ ያወራችኋል። በየቀኑ ቤት ብትቀያይሩ ግን የመጀመሪያውን ቀን ንግግር አሥራ አራት ጊዜ ትደግሙታላችሁ።

ሀ. ስትገቡ «ቡኦንጆርኖ» በሉ። ሳይሉ ማዘዝ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ለ. የፊተኛው ሰው የሚያደርገውን እዩ። አንዳንድ ቤት መጀመሪያ «ካስሳ» ላይ ተከፍሎ ደረሰኙ ወደ ባንኮኒው ይወሰዳል። ደረሰኙ «ስኮንትሪኖ» ይባላል። አንዳንድ ቤት ጠጥቶ ነው የሚከፈለው።

ሐ. «ቮርሬይ ኡን ካፍፌ፣ ፔር ፋቮሬ» በሉ። «ቮርሬይ» ማለት «...ብፈልግ ነበር» እንደማለት ነው። ይህችን አንዲት ቃል ከያዛችሁ በፋርማሲም፣ በባቡር ጣቢያም፣ በፖስታ ቤትም ትሠራለች። ለዚህ ነው በእሷ የምንጀምረው።

መ. ቆማችሁ ጠጡ። ከተቀመጣችሁ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ በተለይ ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ።

ሠ. «ኳንቴ?» ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ፤ የተነገራችሁን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ።

ረ. ስትወጡ «ቡኦና ጆርናታ»።

«ላትቴ» ብቻ ብላችሁ እንዳታዝዙ። ወተት ነው የሚመጣላችሁ። ካፑቺኖ ደግሞ የጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ብታዝዙ ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን ቀጂው ቀና ብሎ ያያችኋል።

4. «እርስዎ»ን ከአማርኛ ተዋሱ

ብዙ የውጭ ሰው የሚቸገርበት ይህ ነው፤ ለእኛ ግን ቀላል ነው። በአማርኛ «እርስዎ ይበላሉ» ስንል ግሡ «እሳቸው ይበላሉ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ፊታችን የቆሙትን ሰው እንደሌሉ አድርገን እናከብራቸዋለን። ጣልያንኛም ይህንኑ ያደርጋል። አክብሮቱ «ሌይ» ነው፤ ቃሉ «እሷ» ማለትም ነው፤ ግሡም የእሷን ይከተላል፣ የምታናግሩት ወንድ ቢሆን እንኳ።

«ስኩዛ» ይቅርታ አድርግልኝ፤ «ስኩዚ» ይቅርታ ያድርጉልኝ።
«ሚ ዳይ» ትሰጠኛለህ፤ «ሚ ዳ» ይሰጡኛል።

ለማን ምን እንደምትሉ ስታመነቱ ሰውየውን በአማርኛ «አንተ» ትሉት ነበር ወይስ «እርስዎ» ብላችሁ አስቡ። ዘጠና በመቶ ያህሉ መልስ ከዚያ ይወጣል። የቀረው አሥር በመቶ እኩዮቻችሁ ናቸው፤ ወጣት ለወጣት ሳይተዋወቅም «አንተ» ይባባላል።

5. ገበያ፦ ቁጥርና ብዙ ቁጥር

ቦሎኛ ያላችሁ መርካቶ ዴልሌ ኤርቤ ሂዱ። ሌላ ከተማ ያላችሁ በሳምንት አንዴ የሚቆመውን የሰፈር ገበያ ፈልጉ። ሱፐርማርኬት ለቋንቋ አይሆንም፤ ሳትናገሩ ገብታችሁ ሳትናገሩ ትወጣላችሁ።

ሰልፉ እንደ ሰልፍ አይመስልም፣ ሰው ተበታትኖ ነው የሚቆመው። «ኪ ኤ ሉልቲሞ?» ብላችሁ የመጨረሻው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እጇን ያነሳችውን ሴት አትልቀቋት፤ ከእሷ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ።

አትክልቱን በብዙ ቁጥሩ አጥኑት፤ አንድ ቲማቲም የሚገዛ የለምና። «ፖሞዶሮ» አንድ ነው፣ «ፖሞዶሪ» ብዙ። «ቺፖልላ» አንድ ሽንኩርት፣ «ቺፖልሌ» ብዙ። ሕጉ እንዲሁ ከእጃችሁ ይገባል፤ በ«ኦ» የሚያልቅ ወደ «ኢ»፣ በ«አ» የሚያልቅ ወደ «ኤ» ይዞራል። «ፔፔሮኒ» የፈረንጅ ቃሪያ ነው። ቋሊማ ጠብቃችሁ በፒዛ ላይ እንዳታዝዙት።

ሚዛኑ «ኤትቶ» ይባላል፣ መቶ ግራም ነው። «ዱኤ ኤትቲ» ሁለት መቶ ግራም። ግማሽ ኪሎ «ሜድዞ ኪሎ»። ሻጩ «አልትሮ?» ሲላችሁ ሌላስ ማለቱ ነው። ከበቃችሁ «ባስታ ኮዚ»።

ጥንቃቄ፦ ገበያ ላይ ፍራፍሬውን በእጃችሁ እንዳትነኩ። መራጩ ሻጩ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ ጓንት አድርጋችሁ ነው የምትመርጡት።

ቁጥር ላይ የሁላችንም መውደቂያ «ሴስሳንታ» እና «ሴትታንታ» ናቸው። 60 እና 70። ስልክ ቁጥር ሲነገራችሁ አንዱን በሌላው ትጽፋላችሁ። መድኃኒቱ ቶምቦላ ነው። እኛ ቶምቦላን በሎተሪነት ነው የምናውቀው፤ እዚህ በገና ሰሞን ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚጫወተው ነው። ከ1 እስከ 90 ያሉ ቁጥሮች ከከረጢት እየወጡ ይጠራሉ፣ እናንተ ካርዳችሁ ላይ ባቄላ ታስቀምጣላችሁ። በየካርዱ 15 ቁጥር አለ። መጀመሪያ ተጫወቱ፣ ከዚያ ጠሪ ሁኑ። ጠሪው ነው የሚማረው። ኔፕልስ ላይ ለየቁጥሩ ስም አለው፤ 90 ፍርሃት፣ 22 እብዱ፣ 25 ገና ይባላል። ስሙን ከያዛችሁ ቁጥሩ አይረሳችሁም።

6. ወጥ ቤት፦ ስድስት ግሦች

ፓስታ በቲማቲም ሥሩ። ምግቡ ቀላል ነው፣ የጾምም ይሆናል፣ ስድስቱንም ግሦች ይዟል። እጃችሁ እየሠራ አፋችሁ ግሡን ይጥራ። ብቻችሁን ከሆናችሁም ጮክ ብላችሁ።

«ታልያሬ»፣ መክተፍ። ሽንኩርቱን ክተፉ።
«ሶፍፍሪጅጄሬ»፣ ማቁላላት። የእነሱ ቁሌት «ሶፍፍሪትቶ» ይባላል፤ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ በዘይት ነው። ለዛሬ ሽንኩርቱ ይበቃል።
«አጅጁንጄሬ»፣ መጨመር። ቲማቲሙን ጨምሩ።
«ሜስኮላሬ»፣ ማማሰል።
«ቦልሊሬ»፣ መፍላት። ውሃውን ጣዱ። ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃና 10 ግራም ጨው። ለአራት ሰው 400 ግራም፣ 4 ሊትር፣ 40 ግራም። ይህን ሒሳብ በጣልያንኛ አስሉት።
«ስኮላሬ»፣ ማጥለል። ደቂቃው እሽጉ ላይ ተጽፏል። አንድ ደቂቃ ቀድማችሁ ቅመሱት።

የጽሑፍ አሠራር ስታነቡ ከጨው አጠገብ ሁለት ፊደል ብቻ ታያላችሁ፣ «ኩ» እና «ቢ»። «ኳንቶ ባስታ» ማለት ነው፣ የሚበቃውን ያህል። እናቶቻችን «እንደ ዓይንሽ» የሚሉት ነው።

ለጾመኞችና አሳማ ለማይበሉ፦ «ጾመኛ ነኝ» ብቻ ብላችሁ ብትተረጉሙት ምንም እንደማትቀምሱ ነው የሚገባቸው። የማትበሉትን ዘርዝሩ። «ኖን ማንጆ ካርኔ፣ ላትቴ፣ ፎርማጅጆ፣ ኡኦቫ፣ ቡርሮ»፤ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ቅቤ አልበላም ማለት ነው። ፒዛ ላይ «ማሪናራ» እዘዙ፤ ስሟ የባሕር ቢመስልም ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ናት። ቦሎኛ ውስጥ ትኩስ ፓስታ በእንቁላል ነው የሚቦካው፤ ደረቁ ግን ብዙውን ጊዜ ዱቄትና ውሃ ነው። አሳማ «ማያሌ» ይባላል። ሞርታዴላ የሚባለው ቋሊማ አሳማ ነው፣ ቶርቴሊኒ የሚባለው የተሞላ ፓስታ ውስጡ አሳማ አለበት፣ ራጉ የሚባለው የሥጋ ስጎም ብዙ ጊዜ አለበት። ሳይታሰብ የሚያመልጠው «ስትሩትቶ» ነው፣ የአሳማ ስብ። ፒያዲና በሚባለው ቂጣና በአንዳንድ ዳቦ ውስጥ ይገባል። «ቼ ስትሩትቶ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አለበት ወይ ማለት ነው።

7. ማዕድ፦ ትንንሾቹ ቃላት

ሰው ቤት ስትጠሩ፣ በሩ ቢከፈትም ደፉ ላይ ቆማችሁ «ፔርሜስሶ» በሉ። «ቤቶች» እንደማለት ነው። «አቫንቲ» ሲሏችሁ ግቡ።

የምግቡን ተራ ዕወቁ፤ «አንቲፓስቶ» መክፈቻው፣ «ፕሪሞ» አንደኛው፣ «ሴኮንዶ» ሁለተኛው፣ ከጎኑ «ኮንቶርኖ» አትክልቱ፣ መጨረሻ «ዶልቼ» ጣፋጩ። ይህ ለምን ይጠቅማል? ፓስታው «ፕሪሞ» ነው፤ ሥጋው ገና ነው። እኔ የመጀመሪያ ግብዣዬ ላይ ፓስታውን ሁለቴ አስጨምሬ ሥጋው ሲመጣ ትንፋሽ አጠረኝ። ምግብ ቤት ከሆነ ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ታያላችሁ፤ የመቀመጫና የዳቦ ነው፣ አላጭበረበሯችሁም።

ሳህኑ ላይ የቀረውን ስጎ በዳቦ መጥረግ «ፋሬ ላ ስካርፔትታ» ይባላል። እንጀራ በልቶ ላደገ ሰው ማስተማር አያስፈልገውም። ቤት ውስጥ ባለቤቷን ደስ ያሰኛል፤ ጨዋ ነን በሚሉ ምግብ ቤቶች ግን ቆጠብ በሉ።

ማዕድ ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር አትሞክሩ። አጫጭሮቹን ጣል እያደረጋችሁ ጨዋታው ውስጥ ቆዩ። «ቦ» እንጃ። «ኤክኮ» ይኸው። «አልሎራ» እሺ፣ ታዲያ። «ዳይ» ተው እንጂ። «ማጋሪ» ምነው በሆነልኝ። እነዚህን በቦታቸው ያስገባ ሰው ከሚያውቀው በላይ የሚያውቅ ይመስላል፤ ሰውም ሳይሰለች ያወራዋል።

8. በዓል፦ ያለፈውን ጊዜ

ከበዓል ማግስት ሁሉም ሰው «ምን አደረግሽ? ምን በላሽ?» ይላል። ያለፈ ጊዜን ለመልመድ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። «ኦ ማንጃቶ» በላሁ። ወንድ «ሶኖ አንዳቶ»፣ ሴት «ሶኖ አንዳታ» ሄድኩ። ከመሄድና ከመምጣት ዓይነት ግሦች ጋር ጾታ ይለያል፤ አማርኛ «ሄድኩ» ላይ ስለማይለይ እዚህ እንዘነጋለን።

ቀኖቹን ቀድማችሁ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ጃንዋሪ 6 ኤፒፋኒያ ነው፤ ቤፋና የምትባል አሮጊት ለልጆች ጣፋጭ፣ ለባለጌዎቹ ከሰል ታመጣለች። ማግስቱ የእኛ ገና ነው፣ ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ፤ «ኖይ ፌስቴጅጃሞ ኢል ናታሌ ኢል ሴትቴ ጄንናዮ»። እኛ ገናን ጃንዋሪ 7 እናከብራለን። ለምን ብለው ይጠይቋችኋል፣ ወሬው ይረዝማል፣ የምትፈልጉትም እሱን ነው። ከፋሲካ ማግስት «ፓስክዌትታ» ከከተማ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ከተጠራችሁ ቀን ሙሉ ነፃ ትምህርት ነው። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፤ በዚያ ሰሞን በሮች ላይ «ኪዩዞ ፔር ፌሪዬ» ይለጠፋል፣ ለዕረፍት ተዘግቷል ማለት ነው። የምታስጨርሱት ጉዳይ ካለ ቀደም በሉ።

ጥንቃቄ፦ የልደት «አውጉሪ» ከቀኑ በፊት አይባልም፣ ገደ ቢስ ነው ይላሉ። የምጦራቸውን ሲኞራ በዋዜማው እንኳን አደረሰዎ ብያቸው ብረት ፍለጋ ተነሡ። እነሱ መጥፎ ነገር እንዳይደርስ ብረት ነው የሚነኩት።

9. ወረቀቱን አትርሱ

ቡና ቤትና ገበያ አፍ ይፈታሉ፣ ፈተና ግን ብቻቸውን አያሳልፉም። የመንግሥት የጎልማሶች ትምህርት ቤት «ቺ ፒ ኢ አ» ይባላል፤ በየከተማው አለ፣ ክፍያውም ትንሽ ነው ወይም የለም። ለረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ኤ2 የሚባለው መሠረታዊ የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል። ለዜግነት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእሱ ከፍ ያለው ቢ1። ታዋቂዎቹ ፈተናዎች የሲዬና ቺልስ፣ የፔሩጃ ቼሊ፣ የዳንቴ አሊጊዬሪ ማኅበር ፕሊዳ ናቸው። ከአፍ ይልቅ ጽሕፈቱ ነው የሚጥለን፣ ስለዚህ በየማታው የቀኑን ውሏችሁን በአምስት መስመር ጻፉና ጎረቤታችሁ ታርምላችሁ።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ። «እኔ ቡና እፈልጋለሁ» የአማርኛ ተራ ነው። በጣልያንኛ ግሡ ይቀድማል፣ ቡናው ይከተላል።

በ«ኦ» የሚያልቀውን ሁሉ ወንድ፣ በ«አ» የሚያልቀውን ሁሉ ሴት ማለት። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ግን እጅ «ላ ማኖ» ሴት ናት፣ ችግር «ኢል ፕሮብሌማ» ወንድ ነው።

ሳይገባ «ሲ፣ ሲ» ማለት። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ዝም ብላችሁ ከምትስማሙ «ኖን ኦ ካፒቶ» በሉ፤ አልገባኝም። በተለይ በባዳንቴነት አዛውንት የምትጦሩ እህቶች፣ ስለ መድኃኒት ሲነገራችሁ አስደግሙ፣ አስጽፉም።

አሮጊቷ የምትናገረውን ሁሉ ጣልያንኛ ነው ብሎ መያዝ። ግማሹ የአገሯ ዘዬ ሊሆን ይችላል። «ኮሜ ሲ ዲቼ ኢን ኢታልያኖ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጣልያንኛ እንዴት ይባላል ማለት ነው። እኔ ሳልጠይቅ ስድስት ወር የተናገርኳቸው ቃላት ነበሩ፤ ሮም ሄጄ ማንም አልገባውም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትዘጋጁ ደግሞ 1፣ 2፣ 4 እና 6ን አሁኑኑ መጀመር ትችላላችሁ። የጣልያን የባህል ተቋም እዚያው አለ፣ ኮርሱን ጠይቁ። ፓስታውን ግን በበርበሬ አትሥሩት፤ ቢያንስ ግሦቹን እስክትይዙ ድረስ።